ለመሞቅ ወደ ደጅ መውጣት፦ ለዘብ ያለ አየር ባለባቸው አገሮች ስለ ብርድ የሚሰማው ምሬት

በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ያለፈ ሰው ይህን ትዕይንት ሳያይ አይቀርም። ጸሐፊዋ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ መምህሩና የጥበቃ ሠራተኛው ከሕንፃው ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆመዋል። «የዘንድሮው ብርድስ ባሰ» ይባባላሉ፤ አምናም እንዲሁ ተባብለው ነበር። ከሰሜን አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ አንድ ባልደረባችን ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል። «ብርድ የት ታውቁና!» ይለናል። እርሱ ራሱ ግን ካፖርቱን ቢሮው ውስጥ እንኳ አያወልቅም። ስለዚህ ነገር ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «እዚያ እኮ ቤት ውስጥ በርዶኝ አያውቅም» አለኝ። ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ መልስ ነው።

ለዘብ ያለ አየር ባለበት አገር የሚኖር ሰው ስለ ብርድ ሲማረር ነገሩን በልማድ ማስረዳት የተለመደ ነው። በሞቃት አገር ያደገ ሰውነት ጥቂቱ ቅዝቃዜ ይበዛበታል ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሪቻርድ ደ ዲርና ጌል ብራገር በ1998 ባሳተሙት ሥራ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰዎች ምቹ ነው የሚሉት የቤት ውስጥ ሙቀት ከሚኖሩበት የውጭ አየር ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። ነገር ግን የልማድ ማብራሪያ ብቻውን ሲቀርብ ጥፋቱን ከቤቱ ላይ አንሥቶ በሰውየው ላይ ይጭነዋል። የእኔ አቋም ከዚህ ይለያል። ለዘብ ያለ አየር ባለበት አገር ስለ ብርድ የሚማረር ሰው በአብዛኛው የሚማረረው በእውነት ስለበረደው ነው፤ የሚበርደውም ደጅ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ የሙቀት መጠን ቀን ወደ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ይልና ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ስለሚሆን መሬቱ ቀን የሰበሰበው ሙቀት ሌሊት በቀላሉ ያመልጣል። ማሞቂያ የሌለው፣ ግድግዳው ከባድ የሆነና ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ደግሞ የቀኑንም የሌሊቱንም ጫፍ አይከተልም፤ ወደ ሁለቱ አማካይ ይጠጋል። አማካዩ ከ15 እስከ 16 ዲግሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ ለዘብ ያለም ሆነ ቀዝቃዛ አየር ላላቸው አገሮች ለጤና የሚበጅ የቤት ውስጥ ሙቀት አድርጎ የጠቀሰው 18 ዲግሪን ነው። እንግዲህ ረፋዱ ላይ ውጭ 20 ዲግሪ ሲደርስ በሰሜን በኩል ያለው ቢሮ ገና በ16 ዲግሪ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። በሄልሲንኪ ሰው ለመሞቅ ወደ ቤት ይገባል፤ እኛ ለመሞቅ ከቤት እንወጣለን።

ከአየሩ ሙቀት ሌላ የግድግዳው ጉዳይ አለ። ዴንማርካዊው ፖቨል ኦሌ ፋንገር በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የሙቀት ምቾትን ከስድስት ነገሮች ጋር አያይዞ አስረድቷል፤ እነርሱም የአየሩ ሙቀት፣ በዙሪያ ያሉ ገጾች የሚሰጡት ጨረራዊ ሙቀት፣ የነፋስ ፍጥነት፣ እርጥበት፣ ልብስና የሰውነት እንቅስቃሴ ናቸው። የአየር ትንበያ ከእነዚህ የሚነግረን ጥቂቶቹን ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ የተለኩት ሜዳ ላይ፣ ጥላ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት 100 ዋት ገደማ ነው። ከፊቱ ሲሚንቶ ወለል፣ ከጎኑ ነጠላ መስታወት፣ ከኋላው የቀዘቀዘ የብሎኬት ግድግዳ ካለ ያችን ሙቀት ሁሉም ይሻሟታል። ቴርሞሜትሩ የሚለካው አየሩን ነው፤ ሰውየው ግን ግድግዳውም ጭምር ይሰማዋል። ደጅ ሲወጣ ደግሞ ያው አየር ሆኖ ሳለ ፀሐይዋ በጀርባው ላይ ታርፋለች፤ ወዲያው ይሞቀዋል።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ቦታ ባልያዝኩ ነበር። በ1997 ዩሮዊንተር የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በላንሴት መጽሔት ያሳተመው ጥናት ጉዳዩ የሞትና የሕይወት መሆኑን ያሳያል። ቡድኑ በቀዝቃዛና በሞቃት የአውሮፓ አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎችን አነጻጽሯል። የውጭው ሙቀት ከ18 ዲግሪ በታች በ1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የሟቾች ቁጥር በደቡብ ፊንላንድ በ0.27 በመቶ ሲጨምር በአቴንስ በ2.15 በመቶ ጨምሯል። ምክንያቱን ለማወቅ ተመራማሪዎቹ ወደ ቤቶቹና ወደ ልብሱ ተመለከቱ። ውጭ 7 ዲግሪ በሆነበት ቀን የአቴንስ ሳሎኖች አማካይ ሙቀት 19.2 ዲግሪ፣ የደቡብ ፊንላንዶቹ 21.7 ዲግሪ ነበር። በዚያው ቅዝቃዜ ደጅ ሲወጡ ባርኔጣ የሚያደርጉት በፊንላንድ 72 በመቶ፣ በአቴንስ 13 በመቶ ናቸው። ሔሊ የተባለ ተመራማሪ በ2003 ያሳተመው የ14 የአውሮፓ አገሮች ንጽጽርም ወደዚያው ያመራል። በብርዱ ወራት ከሌላው ጊዜ በልጦ የሚታየው ሞት በፖርቱጋል 28 በመቶ፣ በስፔን 21 በመቶ ሲሆን በፊንላንድ 10 በመቶ ነው። በሳይቤሪያዋ ያኩትስክ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ባለፈበት ጊዜ እንኳ ብርዱ አጠቃላዩን የሟቾች ቁጥር ከፍ እንዳላደረገ አመልክቷል፤ ሕዝቡ ቤቱን ያሞቃል፣ ሲወጣ ደራርቦ ይለብሳል። በእነዚህ አኃዞች ውስጥ ኢንፍሉዌንዛም፣ የሕክምና አገልግሎትም፣ ድህነትም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በቤት ላይ ማላከክ አይገባም። ይሁንና የሊዝበን ነዋሪ ስለ ጥር ብርድ ሲማረር የሚስቅበት ሰው እነዚህን ቁጥሮች ቢያይ ሳቁን ይሰበስብ ይመስለኛል።

ቻይና ደግሞ ነገሩን በካርታ ላይ አስምራዋለች። በ1950ዎቹ የመንግሥት የጋራ ማሞቂያ ሲዘረጋ ከቺንሊንግ ተራሮችና ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ላሉ ከተሞች ተሰጠ፤ ከመስመሩ በስተደቡብ ያሉት «ለዘብ ያለ አየር አላቸው» ተብለው ቀሩ። ከእነዚህ አንዷ ሻንጋይ ናት፤ የጥር ወር አማካይ ሙቀቷ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዘብ ያለ የሚለው ቃል እዚያ የአየር መግለጫ መሆኑ ቀርቶ የበጀት ውሳኔ ሆነ።

ወደ እኛ ስንመለስ ቋንቋችንም ትንሽ እንቅፋት ይሆናል። የአውሮፓን የብርድ ወራት «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን፤ የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ ሌሊቱ የሚከብደው በበጋ ነው። ተማሪዎቼ የውጭ ጥናት ሲያነቡ የሐምሌን ደመና ከኅዳር ውርጭ ጋር ሲያምታቱ አይቻለሁ። የደብረ ብርሃን ገበሬ አይምታታበትም፤ ውርጩ ሰብሉን የሚያቃጥለው በየትኛው ወር እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

በእኛ ከተሞች ግን ከምሬቱም ከበሽታውም የከፋ ነገር አለ። ብርድ ሲጠና ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የቆየ ልማድ ነው። የጭቃው ቤት ብዙ ቀዳዳ ነበረው፤ አዲሱ የኮንዶሚኒየም ክፍል በርና መስኮቱ በብረትና በመስታወት ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። እንደ እኛ ባለ ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ ራሱ የሳሳ ነው። ብርድ ብለው ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች በማግስቱ ሳይነሡ መቅረታቸውን ያልሰማ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ዜናው ሲነገር ሁልጊዜ የሚወቀሰው የሟቾቹ አለማወቅ ነው። ክፍሉ በዚያ ሌሊት ስንት ዲግሪ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም።

ጥንት ደጋው የራሱ መላ ነበረው። የሰሜን ሸዋ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ምድጃው ውስጥ ይነዳል፤ ከብቱም በዚያው ጣሪያ ሥር ያድራል። ሰዉ ጋቢና ቡሉኮውን ደርቦ መደብ ላይ ይቀመጣል። ያን ኑሮ ለማሞገስ አይደለም፤ ጭሱ ስንት ዓይንና ሳንባ እንዳበላሸ እናውቃለን። ይሁንና ብርድ መኖሩን አምኖ የተሠራ ቤት ነበር። የዛሬው ሕንፃ ግን ብርድ እንደሌለ አድርጎ ይሠራል። ሁለት በኩል የተለሰነ ባዶ ሆድ ብሎኬት ከ2010 ወዲህ በፊንላንድ ለአዲስ ግድግዳ ከተደነገገው መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋል። ጋቢውም ለቢሮ አይመጥንም ተብሎ ቤት ቀርቷል፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ሳያስፈልግ የከፈልነው ዋጋ ነው።

መፍትሔው የፊንላንድን ቤት መቅዳት ነው የሚል ካለ አልስማማም። ማሞቂያ በሌለበት ቤት ግድግዳ ማወፈር ብቻውን ያው 16 ዲግሪ ላይ ያቆየናል። የእኛ ሀብት ያ ደጅ ወጥተን የምንሞቀው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ የምትታየው በደቡብ በኩል፣ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው። በደቡብ በኩል የተከፈተ መስኮት በትክክል በሚያስፈልገን ወራት ፀሐይ ያስገባል፤ በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ያው መስኮት ጥላ ውስጥ ይሆናል። የገባውን ሙቀት እስከ ማታ ለማቆየት ኮርኒስ፣ የሚገጥም በርና መጋረጃ ብዙ ይሠራሉ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቻችን ግን በአንድ ንድፍ ተሠርተው እንደ ቦታው አመቺነት ወደየትም ይዞራሉ፤ የመኝታ ክፍሉ ወደ ሰሜን የዞረበት ነዋሪ ዕጣው ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ በአንድ ኅዳር የሚጀመር ነው። ሙቀትን በየሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ዋጋው ብዙ አይደለም። በአንድ ሕንፃ በሰሜንና በደቡብ በኩል ባሉ ክፍሎች፣ በምድር ቤትና በላይኛው ፎቅ ይሰቀል፤ እስከ ጥር ይቆይ። በዚያው ጊዜ ነዋሪዎቹ በየትኞቹ ሌሊቶች ከሰል እንዳስገቡ ይመዝግቡ። የሕንፃ ምሕንድስና ተማሪው ግድግዳውን፣ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪዋ የነዋሪዎቹን ሳልና ሕመም ይዘው ይቅረቡ። ቢሮዬ በሰሜን በኩል ነው፤ የመጀመሪያው መሣሪያ እዚያ ቢሰቀል ቁልፉን እሰጣለሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን የምገኘው ግቢው ውስጥ ነው።