ጉዞው በክረምት ይሁን!

ከክፍል ውጭ የሚደረግ የቡድን የእግር ጉዞ በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን አፍ ላይ የሚመጣው «በጋ ይግባና» የሚለው ቃል ነው። በጋ ሲገባ ጭቃው ይደርቃል፤ ሐይቁ ይጠራል፤ ጫማም አይበላሽም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለመሆኑ ጉዞው ለሽርሽር ነው ወይስ ለትምህርት? ለትምህርት ከሆነ እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት የምንለው ሌላ ነው። በሐይቅ ዳር ጫካ ለሚደረግ ጉዞ ሁነኛው ወቅት ክረምት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት እንውሰድ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬደው ይህ ስፍራ በጣና ዳር ከቀሩት ጫካዎች አንዱ ነው። የእግር መንገዱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ በቡናው መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ሌሎቹ ገዳማት ያደርሳል። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥር ቡናው ይበቅላል። የዘጌ ሰው ሳያርስ እንዲኖር አቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ተቀብለዋል ብለው አባቶች ይተርካሉ። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ልማድ ነው።

በበጋ የሄደ ሰው ጫካውን ያያል፤ ጫካው የሚሠራውን ሥራ ግን አያይም። ለምን ቢሉ፣ ጫካ ሥራ የሚበዛበት ዝናብ ሲመጣ ነው። ጠብታው መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ቡናው፣ ከቡናው መሬት ላይ ወደ ረገፈው ቅጠል ይወርዳል። ኃይሉ ተሰብሮ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ገላጣ ማሳ ላይ ግን ያው ጠብታ አፈሩን በቀጥታ መትቶ ይፈነቅለዋል፤ ጎርፍ ሆኖም ይዞት ይሄዳል። በተለይ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ማሳው ታርሶ ቡቃያው ገና አፈሩን ሳይሸፍነው፣ ጉዳቱ ይከፋል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በዚህ ጊዜ ደፍርሰው ጣና የሚገቡት የገበሬውን አፈር ተሸክመው ነው። ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያም ሐይቁ ውስጥ የእምቦጭ ቀለብ ይሆናል። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ደለል አያቆምም።

ታዲያ ይህን ለማስተማር ላቦራቶሪ ያስፈልጋል? ኧረ ምንም! ሁለት ጠርሙስ ይበቃል። አንዱን ከታረሰ ማሳ ከሚወርደው ጎርፍ፣ ሌላውን ከጫካው ከሚወርደው ውኃ ሞልቶ እስከ ማግስቱ ማቆየት ነው። ከሥር የዘቀጠውን ጭቃ ተማሪው ራሱ በጣቱ ይለካው። ይኸንኑ በጋ ላይ በጠመኔ ብንስለው ይሸመድደዋል እንጂ አያምነውም።

«በዝናብ ተደብድበን እንታመም ወይ?» የሚሉ አይጠፉም። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ዝግጅት እንጂ መቅረት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ስለሚናወጥ ጀልባው በጠዋት ይሂድ። ደመናው ነጎድጓድ ካለው ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ለሚያንሸራትተው መንገድ ሁሉም ዱላ ይያዝ። ቦት ጫማ የሌለው ከመኝታ ክፍል ጓደኛው ይዋስ፤ በጫማ ምክንያት ማንም እንዳይቀር።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊት የሚሄደው እርምጃው ዝግ የሚለው ሰው ይሁን። ጎበዞቹ ቀድመው ደካማው ጭቃ ውስጥ ብቻውን የቀረበት ጉዞ የቡድን ጉዞ አይባልም። ነገ ሃምሳና ስልሳ ተማሪ ፊት ስንቆምም የሚጠብቀን ጥያቄ ይኸው ነው። ፈጣኖቹን ይዘን እንሄዳለን ወይስ የኋለኛውን እንጠብቃለን? ይህን በመጽሐፍ ካነበብነው ይልቅ እግራችን ጭቃ ውስጥ ሆኖ ብንማረው ይሻላል።

ዘጌ መድረስ ካልተቻለ፣ የጀልባው ኪራይ ቢከብድ ወይም የመንገዱ ጸጥታ ባይፈቅድ፣ በየአቅራቢያችን ያለው የቤተ ክርስቲያን ደንና ከአጠገቡ ያለው ማሳ ያንኑ ትምህርት ይሰጣሉ። ደግሞም አብዛኞቻችን የምንመደበው ገጠር ነው። እዚያ ቤተ ሙከራ ባይኖርም ዝናብ፣ አፈርና ዛፍ አይጠፉም። በእነዚህ ማስተማር የማይችል መምህር ምን ይዞ ሊሄድ ነው?

ስለዚህ ሐሳባችን አጭር ነው። ሰኔ ላይ ሠልጣኙ ከመበተኑ በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ለክረምት ኮርስ ለሚመጡት መምህራንም በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ለጉዞው ይመደብ። መምህራኖቻችንም በዚህ ላይ አስተያየታቸውን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉልን ደስ ይለናል። የሚቃወመን ካለም ይጻፍ፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ዝናብ ውስጥ ይውጣ!