በሁለት ዓለማት መካከል

የመዝናኛ ፓርክ ጥበብ የሚለካው በፊልም ታሪኮች አምሳል በታነጹት መንደሮች ውበት ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሻግረው መንገድም ጭምር ነው። በግጥም አንጓዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ትርጉም እንዳለው ሁሉ፣ መሻገሪያውም የራሱ ትርጉም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ መንገዶቹን ከግንቡ ፊት ካለው አደባባይ እንደ ጮራ ዘረጋቸው፤ ጎብኚው መሐል ቆሞ ይመርጣል። በፍሎሪዳ የሚገኘው ዩኒቨርሳል ግን ሌላ ዘዴ ቀየሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 የከፈተውን የሃሪ ፖተር ዳያጎን ጎዳና ለንደንን በሚመስሉ ሕንፃዎች ጀርባ ሸሸገው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2010 በጎረቤቱ ፓርክ ከተከፈተው የሆግስሚድ መንደር ጋር በባቡር አገናኘው። በባቡሩ መስኮት የሚታየው የፓርኩ ጓሮ ሳይሆን የታሪኩ አገር ነው፤ ሲሄዱና ሲመለሱ ትዕይንቱ ይለያያል። ጉዞው ራሱ ተረት ሆነ ማለት ነው።

ይሁንና ሰሙ ባቡር፣ ወርቁ ቲኬት ነው፤ የሁለቱንም ፓርኮች መግቢያ ያልገዛ አይሳፈርም። ድልድዩ ኬላም ሆኗል። በባንክ መስኮት ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ሒሳቡ አይሰወረውም፤ ግጥም ወዳዱ ልቤ ግን ይከፋል። በታሪኩ ውስጥ ያ ባቡር ከደረጃ ሥር ያደገውን ወላጅ አልባ ልጅ ወደ መሰሎቹ ያደረሰ ነበርና።

ውድ አንባብያን፣ ነጋዴ ለድካሙ ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። አንድን ታሪክ በሁለት አጥር ከፍሎ መሻገሪያውን መሸጥ ግን ስንኝን ከቤት መምቻው እንደ መነጠል ነው።