ከበሩ ጀርባ ያለችው ወረቀት

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል አልጋችን ተወዛወዘ። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲደጋገም የሰነበተው ርዕደ መሬት የዚያን ሌሊት በመለኪያ ከ5 ተኩል በልጦ ነበር። ልጆቹን ታቅፈን ከአራተኛ ፎቅ በደረጃው ተጋፍተን ወረድን። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ እናቴ በባዶ እግሯ ቆማለች። የደም ግፊት መድኃኒቷ ላይ ቤት ቀርቷል። ለእህቴ እንዳልደውል የስልኬ ባትሪ ሞቷል፣ ቁጥሯንም በቃሌ አላውቀውም።

ዛሬ ከበራችን ጀርባ አንድ አሮጌ የተማሪ ቦርሳ ተሰቅሏል። በሶ፣ ቆሎ፣ ውኃ፣ ባትሪ፣ ጋቢ፣ የእናቴ የሳምንት መድኃኒት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የመታወቂያና የልደት ካርድ ኮፒ ይዟል። በሶና ቆሎው እናቶቻችን ለመንገደኛ ሲቋጥሩ የኖሩት ስንቅ ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም።

«ሟርት ነው» ያሉኝ አሉ። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው፤ የማጀቴ ከተማ በ1953 ዓ.ም. በርዕደ መሬት ፈርሳለች። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ልጆቻችንን መበደል ነው።

እኔን ከቦርሳው ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን አጠገቡ የተለጠፈችው ወረቀት ናት። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እናቴ፣ የቤት ሠራተኛችንና ትንሿ ልጄ ናቸው። ወረቀቷ የእነሱ መሆን አለባት። መጀመሪያ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። አሁን በትልልቅ ፊደል እንዲህ ትላለች፦ ሲንቀጠቀጥ አትሩጡ። ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን ያዙ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ። ሲያቆም ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ጫማ አድርጉ፣ በደረጃ ውረዱ፤ ሊፍት አትንኩ። ኳስ ሜዳው ላይ እንገናኝ። ከታች የእህቴ ቁጥር፣ 939 ለእሳትና አደጋ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ልጄ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ጎን ሥዕል ሠራችበት።

ባለፈው እሑድ ሁላችንም ሞከርነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ጠረጴዛ ሥር መግባት አቃታት። ልጄ እርሳሷን አምጥታ አንድ ሥዕል ጨመረች፦ አልጋዋ ላይ ሆና በትራስ ራሷን የሸፈነች ሴት አያት።