የፍሪጅ ጋዝ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም

ፍሪጁ ማቀዝቀዝ የተሳነው የአዲስ አበባ አባወራ ባለሙያ አስጠርቶ ባነጋገረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው፤ እርሱም ጋዙ እንደ መኪና ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ መስሎት ይከፍላል፣ ጋዙም ይሞላል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሕመሙ ያገረሽና ያው ባለሙያ ስለ ያው ሥራ ዳግመኛ ይከፈለዋል።

ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የታተመ ስለ ሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ እየጨመቀው፣ በጀርባ ባለው መረብ ሙቀቱን ለቅቆ ፈሳሽ እየሆነ፣ በቀጭኑ ቱቦ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባም እየተነነ የምግቡን ሙቀት እየወሰደ፣ መዓልተ ወሌሊት በዚያው ዑደት ይመላለሳል እንጂ በሥራ ብዛት አይጎድልም። ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስስበት ስፍራ አለ ማለት ነው፤ ያ ስፍራ ሳይፈለግና ሳይደፈን ጋዝ መሙላት ገንዘብን በከንቱ መበተን ነው።

ቀዳዳውን የሚያበጀው ደግሞ ብዙ ጊዜ የገዛ እጃችን ነው። የፋሲካው ሥጋ ከፍሪዘሩ ወለል ጋር በበረዶ ተጣብቆ አልላቀቅ ሲል ቢላዋ አንሥቶ የሚፈነቅል ሰው፣ ከበረዶው ሥር ያለው የአሉሚኒየም ቧንቧ ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ቢያስተውል ኖሮ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ የሞቀ ውሃ በድስት አስቀምጦ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። ቢላዋው ዘልቆ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ በኋላ ጸጸት አይረባም።

ከዚህም በቀር ጋዝን ከቶ የማይመለከት ሕፀፅ ብዙ ነው። በጀርባው መረብ ላይ አቧራ ከተጋገረ ወይም ፍሪጁ ከግድግዳ ጋር ከተለጠፈ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የበሩ ጎማ መላላቱን ለመመርመር አንድ የብር ኖት በበሩ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ይበቃል፤ ኖቱ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ ካልሆነም ይለወጥ። በአትክልቱ መሳቢያ ሥር ውሃ ካቆረ የመውረጃዋ ቀዳዳ በፍርፋሪ ተደፍናለች።

የመብራት ነገርማ ሁላችን የምናውቀው ነው። ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ የጋዙ ግፊት ሳይስተካከል እንዲነሣ ስለሚገደድ ሞተሩ ይጎዳል፤ ስለዚህ ነቅሎ ማቆየት፣ መብራቱ ከረጋ 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶም መሰካት ይበጃል።

በመስከረም 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተፈረመው ስምምነት ወዲህ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዱት የቀድሞ ጋዞች እየቀሩ፣ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ አር-600ኤ የሚባለው ገብቷል፤ ይህ ግን በእሳት የሚቀጣጠል ነውና በዘፈቀደ የሚበየድበት አይደለም። የጋዙ ዓይነትና ልክ በግራም ተመዝኖ በፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጋዝ ልሙላ የሚልህን ሰው የሚያፈስሰውን ስፍራ እንዲያሳይህና የያዘው ጋዝ ከዚያ ጽሑፍ ጋር መስማማቱን እንዲያስረዳህ ጠይቀው፤ ይህን ካላደረገ ገንዘብህን አትስጠው።