«ኤርታሌ»ን ማን ሰማው?

«ሮክ የፈረንጅ ጩኸት ነው» የሚለው ፍርድ ከመካከላችን አልጠፋም። ፈራጆቹ ጓደኞቻችን ግን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ከዳር እስከ ዳር ሰምተውት ይሆን? እንጠራጠራለን።

አልበሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ወጣ፤ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ስሙ የአፋሩ እሳተ ገሞራ ስም ነው። የባንዱም ስም ቀይ ጥለት ያለውን ሸማ ያስታውሰናል። ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያን እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ ከኋላቸው የኤሌክትሪክ ጊታሩ ያጓራል። በምን ቅኝት? ጆሮ የሰጠ ሰው አምስት ድምፅ ያላቸውን የአገራችንን ቅኝቶች ያገኝበታል። የፈረንጁም ሮክ ጊታር ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው በአምስት ድምፆች ላይ ነውና ሁለቱ ሳይጣሉ ገጥመዋል። ከበሮው አልፎ አልፎ ዘፋኞቹን ይጫናል፤ ይህን አንክድም።

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ያደግን ልጆች የኦሮምኛውን ዘፈን በኦርጋን ታጅቦ ሰምተን «የኛ ነው» ብለናል። ኦርጋን መቼ በወለጋ በቀለ? ጊታሩ ድምፁን ከፍ ስላደረገ ብቻ ባዕድ የሚባልበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ ማኅበራችን በሚቀጥለው የሙዚቃ ምሽት ከተለመዱት የፍቅር ዘፈኖች ጥቂቱን ቀንሶ ይህን አልበም ሙሉውን ያሰማን። ያልወደደው ከዚያ በኋላ ይውቀሰን።