አባል ሁኚ ሲሏት

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሪጀንት ፓርክ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ እንደደረስን «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለችኝ። ካናዳ ከገባች ጀምሮ እሑድ እሑድ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እንግሊዝኛ ያስተማሯት፣ በመጀመሪያው ክረምት ካፖርት የሰጧት እነሱ ናቸው። አሁን «አባል ሁኚ» ብለዋታል፤ ለዚህም መጠመቅ አለባት። «እኔ እኮ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነስቻለሁ። እማዬ ብትሰማ ምን ትላለች?» አለችና ዝም አለች።

ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የባፕቲስቶች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1609 በአምስተርዳም ነው፤ ጀማሪዎቹም እንደኛው ስደተኞች፣ ከአገራቸው የወጡ እንግሊዛውያን ነበሩ። ሰው ራሱ አምኖ በአንደበቱ ሳይመሰክር መጠመቅ የለበትም ይላሉ። ስለዚህ ሕፃን አያጠምቁም፤ ያመነውን ሰው መላ ሰውነቱን ውኃ ውስጥ አጥልቀው ያጠምቁታል። በእነሱ ዘንድ ይህ ሁለተኛ ጥምቀት ሳይሆን የመጀመሪያው ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም። የእናት ኀዘን የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌልም የሚያጠምቁት አማኙን ሲሆን፣ መካነ ኢየሱስ ደግሞ ሕፃናትንም ታጠምቃለች።

አባልነቱን ለመረዳት ዕድራችንን ማሰብ ይበቃል። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ የዕድር አባል አይባልም። አባል ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ የሚያዋጣ፣ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ፣ ሲያጠፋም የሚጠየቅ ነው። ባፕቲስቶችም ከላይ የሚያዝ ጳጳስ የላቸውም። ዝርዝሩ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ቢለያይም፣ መጋቢውን የሚመርጡትና በጀቱን የሚያጸድቁት በአብዛኛው አባላቱ ናቸው። አዲስ ሰውም እንዴት እንዳመነ ተናግሮ በጉባኤው ድምፅ ይገባል።

ይህ ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። ከሪጀንት ፓርክ በጄራርድ መንገድ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብትራመዱ በ1875 የተሠራውን የጃርቪስ ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። በ1921 አባላቱ በመጋቢው በቲ. ቲ. ሺልድስ ጉዳይ ተከፋፍለው ድምፅ ሰጡ። መጋቢው አሸነፉ፤ በመቶ የሚቆጠሩ አባላትም ወጥተው ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። በዚችው ከተማ ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች በ1826 የመሠረቱት ፈርስት ባፕቲስት ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። የሰው ንብረት ሆኖ ለኖረ ሰው ስሙ ተጽፎ፣ ድምፁ ተቆጥሮ የሚወስንበት ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ለጎረቤቴ ያልኳት ይህን ነው። «ልጄ፣ ካፖርቱ ብድር አይደለም። ለውለታ ተብሎ አይጠመቅም። በራሳቸው ትምህርት ያላመነ ሰው ጥምቀት ዋጋ የለውምና፣ ‹ገና እያሰብኩበት ነው› ብትያቸው ሊቀየሙሽ አይገባም። ደንባቸውን አንብቢ፤ ምን እንደምትገቢላቸው፣ እነሱስ ምን እንደሚገቡልሽ ጠይቂ። ካመንሽበት ደግሞ እናትሽ ከሰው አፍ ሳይሆን ከአንቺ ይስሙት።»

ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። ለእናቷ ነግራቸው አልቅሰዋል። ብዙ ቆይተው ግን «ለመሆኑ ብትታመሚ መጥተው ይጠይቁሻል?» አሏት። እሷም «ባለፈው ጊዜ ሾርባ ይዘው መጥተዋል» ብላቸዋለች። እናትየው ዝም አሉ፤ አልመረቁም፣ አልረገሙም። እሷም እስካሁን አልወሰነችም።

የእናትየው ጥያቄ ግን ወደ ማንኛውም መዝገብ ስማችንን ከማስገባታችን በፊት የሚጠየቅ ነው። እኛስ ብንጠየቅ ምን እንመልስ ይሆን?