የእጅ ስልክ ክፍያና የቤት መዝገብ

በአራዳ ይኖር የነበረ አባወራ የወሩ መክፈያ ቀን በደረሰ ጊዜ ማልዶ ከቤቱ ይወጣና የመብራቱን በአንድ ስፍራ፣ የውኃውን በሌላ ስፍራ፣ የስልኩንም በሦስተኛው ስፍራ ተሰልፎ ይከፍል ነበር። በ2005 ዓ.ም. «ለሁሉ» የተባሉት የክፍያ ጣቢያዎች ሲከፈቱ ሦስቱ ሰልፍ አንድ ሆነ። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ያ አንዱም ሰልፍ ቢሆን ለብዙ ሰው ቀርቶለታል። አሁን እመቤቲቱ ወጥ እያማሰለች ሳለ የቤቱን ዕዳ ሁሉ ከእጅ ስልኳ ልትከፍል ትችላለች። ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው፤ ሰልፉን የሚናፍቅም ሰው ያለ አይመስለኝም።

አራዳ ለባንክ ነገር እንግዳ አይደለችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም.፣ የሐበሻ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ በጀመረ ጊዜ (ይህ ዛሬ ተመሳሳይ ስም ካለው ባንክ የተለየ ነው) ብዙው ሰው ማርትሬዛ ብሩን በማድጋ ከትቶ መቅበሩን አልተወም ነበር። ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው በወረቀት ብቻ አደራ መስጠት ከበደው። እኛ ግን ዛሬ ወረቀቱንም ትተነዋል። የምናምነው በስልኩ መስተዋት ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን መልእክት ነው፤ እርሱንም ብዙዎቻችን አንብበን አንጨርሰውም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንዲት ባልቴት እናት ላይ የደረሰው ነገር ነው። እኒህ እናት ዕድሜያቸውን የፈጸሙት በዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ለኮሪደር ልማት በፈረሰ ጊዜ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ሄዱ። ጎረቤት ተበተነ፤ እድሩ ግን አልፈረሰም። ጥሩምባ ነፊው ሊደርስበት በማይችለው ስፍራ የሚኖረው አባል መርዶውን በስልክ እንዲሰማ፣ ወርኃዊ መዋጮውንም በእድሩ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ ተስማሙ። የባልቴቲቱ ልጅም «እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ፤ በየወሩ እኔ እልክልሻለሁ» ብሎ ኃላፊነቱን ወሰደ። እንዳለውም በየወሩ ሳያጓድል ላከ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ የኀዘን ቀን የእድሩ አባላት በተሰበሰቡበት ጸሐፊው ያልከፈሉትን ሰዎች ስም ሲያነብ የእኒህን እናት ስም ጠራ።

«እትዬ፣ የአምስት ወር አለብዎ።»

«ኧረ ልጄ በየወሩ ይልካል!»

«የልጅዎ ስም እኮ በእድሩ መዝገብ የለም፣ እትዬ።»

ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ነበር። የገባው ግን በላኪው በልጁ ስም ነው። በባንኩ የስልክ አገልግሎት ገንዘብ ሲላክ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ ልጁ በዚያ ቦታ የእናቱን ስም አልጻፈም። ጸሐፊውም በማያውቀው ስም የገባውን ገንዘብ ለማን እንደሚመዘግበው ቸግሮት ለብቻው አስቀምጦት ኖሯል። የሚያሳዝነው፣ ልጁ በመካከሉ ስልኩን ለውጦ ስለ ነበር የደረሰኙ መልእክቶች በእጁ አልተገኙም። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ኀዘን ድንኳን ሥር ያደሩ ሴት በሰው ፊት ባለዕዳ ተብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የእድር ዕዳ እንደ መብራት ዕዳ አይደለም። መብራቱ ቢቆረጥ ሻማ ይበራል፤ በእድር ስሙ የጎደለ ሰው ግን ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ያስባል።

ነገሩ በባንኩ ቅርንጫፍ ተስተካከለ። ባለ ሒሳቡ መታወቂያውን ይዞ ሲቀርብ የከፈለበት ቀን፣ የገንዘቡ ልክና የክፍያው ቁጥር በወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል። የባንክ መዝገብ የሠራነውን አይረሳም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ሥርዓት ታውኮ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜም ማን ስንት እንደ ወሰደ ከዚሁ መዝገብ እየታየ እንዲመልስ መጠየቁን እናስታውሳለን። እንግዲህ የጎደለው የባንኩ መዝገብ አልነበረም፤ የቤቱ መዝገብ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ አንድ ደብተር ይኑር እላለሁ። የመብራቱና የውኃው የደንበኛ ቁጥር፣ የእድሩ፣ የሰንበቴውና የትምህርት ቤቱ የሒሳብ ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። በየወሩም ቀኑ፣ የገንዘቡ ልክና የክፍያው ቁጥር ይመዝገብ። የምሥጢር ቁጥር ግን በዚህ ደብተር ፈጽሞ አይጻፍም። ብዙ አባቶች ይህን ሁሉ በራሳቸው ስልክ ብቻ ይዘውት ይኖራሉ፤ እግዚአብሔር የጠራቸው ቀን ሚስትና ልጆች ከኀዘናቸው ጋር የትኛው ዕዳ ተከፍሎ የትኛው እንደ ቀረ ፍለጋ ይገባሉ። ሐዋርያው ማቴዎስ እንኳ ጌታ ሲጠራው በቀረጥ መቀበያው ስፍራ ነበር የተቀመጠው፤ መዝገብ መያዝ ንፉግነት አይደለም።

ገንዘቡን ከመላክ በፊት የተቀባዩ ስም በስልኩ ላይ ይወጣል። አንድ አኃዝ ቢሳሳት የሚወጣው የሌላ ሰው ስም ነውና ስሙን አንብቦ፣ ለቤተ ሰብም ጮክ ብሎ አሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ማጽደቅ ይገባል። ለሌላ ሰው የሚከፍልም የዚያን ሰው ስም በምክንያቱ ቦታ ይጻፍ። ስሕተት ከተፈጸመ ሳይውል ሳያድር ለቴሌብር በ127፣ ለንግድ ባንክ በ951 መደወል ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» እያለ የምሥጢር ቁጥር ለሚጠይቅ ድምፅ ግን መልሱ ስልኩን መዝጋት ብቻ ነው፤ ባንክ የምሥጢር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። አረጋውያን ወላጆች ቁጥራቸውን ለልጅ መስጠታቸው የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ አልደግፈውም። ልጁ ከራሱ ስልክ ይክፈልላቸው፤ የእነርሱ ቁልፍ ከእነርሱ ጋር ይቆይ።

የእድሩ ሽማግሌዎች ባልቴቲቱን ይቅርታ ጠየቁ፤ የአምስቱም ወር መዋጮ በስማቸው ተመዘገበ። ልጃቸው ዛሬም የሚከፍለው ከስልኩ ነው፤ በምክንያቱም ቦታ የእናቱን ስም ይጽፋል። እርሳቸው ግን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ይመጣሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እድርተኞቹ ወደሚቀመጡበት ይሄዱና ደብተራቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ለጸሐፊው ይሰጡታል። እርሱም ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ ይፈርምበታል። ከዚያም የታመመ ማን እንደ ሆነ ጠይቀው፣ ከጥንት ጎረቤቶቻቸው ጋር ጥቂት ተጫውተው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይመለሳሉ።